የአራት ሰዓቷ ኪኒን

ፍሬማ የባሏን እንቁላል ራሷ ዋጠችው። እሑድ ጠዋት ነበር። የባሏ እህት ቴኒዋ የጠዋቱን ስብከት እንኳ ሳትሰማ በሳህን ኤቶ ይዛ መጣች፤ የተቀቀለ ቦዬ ተደቁሶ በቀይ ፓልም ዘይት የተለወሰ፣ አናቱ ላይ የተላጠ ሙሉ እንቁላል የተቀመጠበት። ትልቅ ነገር የሚናገር ሰው በዚያ ቀን ነፍሱን ሳያጎርስ አፉን አይከፍትም፤ በጋናዋ ከተማ ኩማሲ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ፍሬማም ታውቃለች። ግን ከሐኪም የሰማችው ሌላ ነገር አለ፤ የባሏ ኪኒን እንቁላል፣ ሥጋና ባቄላ የገባበት ሆድ ውስጥ ስትወድቅ መንገድ ላይ ትቀራለች፤ እግሩም አይፈታ፣ ድምፁም አይመጣ። ኪኒኗ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ናት። እንቁላሉ ይቆይ ብትል ቴኒዋ ትቀየማለች፤ የወንድሜን ነፍስ አስራበችብኝ ብላ ለዘመድ ሁሉ ታወራለች። ስለዚህ ቴኒዋ እጇን ልትታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ዞር ስትል፣ ፍሬማ ከቦዬው ሁለት ጉርሻ ለባሏ ሰጠችና እንቁላሉን አንስታ እንዳለ ወደ አፏ ከተተችው። ደረቅ ነበር። ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ቴኒዋ ተመልሳ "በላ?" ስትላት፣ ፍሬማ ዓይኗ እንባ አቅርሮ በጭንቅላቷ ብቻ አዎ አለች። ቴኒዋ እንባውን አይታ፣ "ተይ እንጂ ሚስቴ፣ ዛሬ የለቅሶ ቀን አይደለም" አለቻት።

በአገሩ ወግ የባል እህት ባል ናት፤ ስለዚህ ቴኒዋ ፍሬማን "ሚስቴ" ትላታለች፣ ፍሬማም "ባሌ" ትላታለች፤ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ በዚህ ሲሳሳቁ ኖረዋል። የቴኒዋ ልጅ ባዱም የአጎቱን ሚስት "ሚስቴ" ነው የሚላት፣ አንዳንዴም "ሽማግሌው ሲደክመው እኔ አለሁልሽ" ይላታል፤ እሷም በእርጥብ ጨርቅ ታባርረዋለች። ያን ጠዋት ግን ፍሬማን ያሳቃት የባሏ ዓይን ነው። የኦቤንግ ፊት ፓርኪንሰን ከያዘው ወዲህ አይስቅም፤ በሽታው እንደ ደረቀ ጭቃ ለጥፎበታል። ዓይኑ ግን እንቁላሉ ሲዋጥ አይቷል። አየና ሳቀ። ፍሬማ ያን ሳቅ ታውቀዋለች፤ ድሮ ደንበኛ እያጭበረበረ ሲከራከር ከጀርባ ሆኖ የሚያሳያት ሳቅ ነው። ውኃ ጠጥታ እንቁላሉን ካወረደች በኋላ ትከሻውን ቆንጠጥ አድርጋው አለፈች። ዛሬ ይሆናል አለች በልቧ።

ኦቤንግ ድሮ ድምፅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ኩማሲ ቀይና ጥቁር ለብሳ ለቀብር ስትወጣ፣ ድንኳኑ የኦቤንግ፣ ወንበሩ የኦቤንግ፣ ድምፅ ማጉያው የኦቤንግ ነበር። ማይክሮፎኑን ይዞ ማን ምን ያህል ለሐዘንተኛው እንዳዋጣ የሚያውጀውም እሱ ነው፤ ትንሽ የሰጠውን ሳያሳፍር፣ ብዙ የሰጠውን ከልክ በላይ ሳይክብ። ሰዉ ስሙ በዚያ አፍ ሲጠራ ለመስማት ሲል ኪሱን እንደገና ይዳብሳል ይባል ነበር። እሱ ሲያውጅ ፍሬማ ከድንኳኑ ኋላ ወንበር ታጥብ ነበር። ወጥ የፈሰሰበት፣ ቢራ የተደፋበት፣ ሕፃን የሸናበት ነጭ የፕላስቲክ ወንበር፤ በሳሙናና በአሸዋ እየፈተገች፣ ጣቶቿ እስኪሸበሸቡ። ሰው ሲጠይቃት "እሱ ሙታንን ይሸኛል፣ እኔ መቀመጫቸውን አጥባለሁ" እያለች ትቀልድ ነበር። ቤቱ የተሠራው በዚያ ወንበር ነው። ከፊት ለፊት ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች አሉት፤ በአንዱ ቪዳ የምትባል ልጅ ፀጉር ትሠራበታለች፤ ከኋላ የእነሱ ሳሎንና መኝታ ቤት፣ መሃል ላይ ሲሚንቶ የተለሰነ ግቢ፣ ጥግ ላይ እስከ ጣሪያ የተደራረበ ወንበር።

መሬቱ ግን የኦቤንግ የእናቱ ወገን ነው። እዚያ ወገን የሚቆጠረው በእናት ነው፤ ሚስት ደግሞ የባሏ ወገን አይደለችም፤ ልጆቿም ቢሆኑ የእሷ ወገን ናቸው እንጂ የሱ አይደሉም። ሕግ አለ ይባላል፤ ፍርድ ቤት አለ ይባላል። ፍሬማ ግን ባሏ በሞተ ባርባኛው ቀን ከነድስቷ ደጅ የወጣችን ሴት በዓይኗ አይታለች፤ የቀብሩን ድንኳን የተከሉት እሷና ኦቤንግ ራሳቸው ነበሩ። አንድ መንገድ አለ፤ ሰውየው በሕይወት እያለ፣ በጤና አእምሮው፣ የወገኑን አለቃ ጠርቶ "ይህን ቤት ለሚስቴ ሰጥቻለሁ" ካለ፣ እሷም እዚያው የምስጋና መጠጥ ካቀረበችና ሽማግሌዎቹ ከቀመሱላት፣ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነቀንቃትም። ግን ከሰጪው አፍ መውጣት አለበት። ሚስት ልትናገርለት አትችልም፣ ተቀባይ ናትና። ፍሬማ ይህን ለባሏ የነገረችው ከገና በኋላ ነበር፣ ማታ እግሩን እያሸች። ብዙ ዝም አለና "እሺ፣ እጠራቸዋለሁ" አለ። እሷ ያን ጊዜ ድምፁ ስለደከመ ነው ዝም ያለው ብላ ነበር።

አራት ሰዓት ሊሞላ ሲል ስልኳ ጮኸ። ስልኩ በቀን አራት ጊዜ እንደ ዶሮ ይጮኻል፤ ቪዳ "የማሜ ፍሬማ ዶሮ መቼ ነው የሚታረደው?" እያለች ደንበኞቿን ታስቃለች። ፍሬማ የሠፈሩን ሠርግ፣ ቀብር፣ ገበያና ጸሎት በዚህ ዶሮ ጩኸት ልክ አስተካክላ ነው የምትኖረው። ከዘገየች ኦቤንግ በር መሃል እንደተተከለ ይቀራል፤ ካፈጠነች ትከሻውና አንገቱ እንደ እባብ ይወዛወዛል። ኪኒኗ ከየመድኃኒት ቤቱ ትጠፋለች፤ ስትገኝም ዋጋዋ ከወር ወር ይጨምራል፤ ፍሬማ ለዚህ ሲባል የፍሪጁን ሶኬት ነቅላ የጠጅ ሳር ሻይ ብቻ የምትጠጣበት ወር አለ። ቢጫዋን ኪኒን አወጣች። ዛሬ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ስብሰባው አምስት ሰዓት ነው፤ ኪኒኗ ወዲያው አትሠራም፤ ሰዎቹ ውኃ ጠጥተው፣ ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ነገሩ እስኪነሳ ድረስ ድምፁ ሙሉ ይሆናል። ኪኒኗን ምላሱ ላይ አስቀመጠችለት፣ ውኃውን አስጠጣችው። የኦቤንግ ጉሮሮ ሲንቀሳቀስ አየች። በዚያ የማለዳዋ ኪኒን ባለቀበት በሳሳ ድምፅ "ጫማዬ" አላት። የትኛው? "ጥቁሩ። የሳጥኑ ሥር ያለው።" የወግ ጫማው ነው፤ ለብዙ ጊዜ አልተጫማውም። ደስ አላት። ሳጥኑን ለመክፈት ላዩ ያለውን ብርድ ልብስ፣ የድሮ ድምፅ ማጉያና የልጆቹን የትምህርት ቤት ፎቶ ማንሳት ነበረባት። ጫማውን ይዛ ስትመለስ በሚንቀጠቀጠው ቀኝ እጁ አፉን በመሐረብ እየጠረገ ነበር። ግራ እጁ እንደ ወትሮው ጭኑ ላይ ተጨብጧል። ያ እጅ ከተጨበጠ ቆይቷል፤ ራሱ አይዘረጋውም፤ እሷ በየቀኑ ከቀትር በኋላ በሞቀ ውኃ እየነከረች ጣት በጣት ትከፍተዋለች፣ ጥፍሩ መዳፉን እንዳይበላው።

ወንበሮቹን ግቢው ውስጥ ራሷ ደረደረች። ለዛሬ የምስጋና ጸሎት የፈለጋቸው ደንበኛ ነበር፤ ሁሉም ወጥተዋል ብላ ዋሽታ አስቀረቻቸው። በራሷ ወንበር ላይ በራሷ ግቢ የሚቀመጥ እንግዳ ስትቀበል የመጀመሪያዋ ነው። ኦፓኒን ሳርፎ፣ የወገኑ አለቃ፣ ወፍራም ሽማግሌ፣ ከሚኒባስ ወርደው ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። ባዱ ወንበር የሚጭንበትን ፒካፕ ደጅ አቁሞ ከኋላ ተቀመጠ፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ማይክሮፎኑን የሚይዘው እሱ ነው፤ ድምፁም የአጎቱን ይመስላል። ቴኒዋ ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፍ ያለበት ጨርቅ ለብሳለች። ያንን ጨርቅ የገዛችላት ፍሬማ ናት። ባለፈው ገና የፍሬማ ወንድም ሞቶ ማምፖንግ ቀብር ስትሄድ ኦቤንግን ለቴኒዋ አደራ ሰጥታ ነበር፤ ኪኒኖቹን በከረሜላ ቆርቆሮ አድርጋ፣ ከምግብ በፊት፣ ያለ ሥጋ፣ ይህችን በዚህ ሰዓት፣ ያችን በዚያ ሰዓት ብላ እስኪሰለቻት ነግራት። በማግስቱ ቴኒዋ ደወለችላት። "አትስጊ ሚስቴ፣ በሰዓቱ ነው የምሰጠው። ዛሬማ ድምፁ እንደ ድሮው ሆኗል፣ ብትሰሚው ታለቅሻለሽ" አለቻት። ፍሬማ እውነትም አለቀሰች፣ የወንድሟ አስከሬን አጠገብ ቆማ፣ በደስታ። ስትመለስ ከኬጄቲያ ገበያ ውዱን ጨርቅ መርጣ ገዛችላት።

ውኃ ቀረበ፣ ተቀመሰ። ኦፓኒን ሳርፎ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ሁሉም በደህና እንደመጡ፣ መንገዱም ሰላም እንደ ነበር፣ ወንድማቸው ኦቤንግ ስለጠራቸው እንደመጡና ምን እንደሚሰሙ ለማወቅ እንደተቀመጡ ተናገሩ። ሁሉም ወደ ኦቤንግ ዞረ። ፍሬማ ከባሏ ወንበር ኋላ ቆማ ነበር፤ ለምስጋናው መጠጥ ሁለት ጠርሙስ ሽናፕስ በጋዜጣ ጠቅልላ ሳሎን በር ሥር አስቀምጣለች። የኦቤንግ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ምንም አልወጣም። ቀኝ እጁ የለበሰውን ጨርቅ እያንቀጠቀጠ እንደ ትንሽ ዝናብ ድምፅ ያሰማ ነበር። ፍሬማ ጎንበስ ብላ "ፓፓ፣ ቀስ ብለህ" አለችው፤ ልጆቹ በሚጠሩት ስም ነው የምትጠራው። ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ ቀረ። ያቺ ኪኒን እስካሁን መሥራት ነበረባት። ፍሬማ በልቧ የቦዬውን ጉርሻ መረመረች፤ ቦዬ አይከለክልም። ምናልባት እንቁላሉ ነክቶት ይሆን? ምናልባት ትናንት የበላው ዓሣ? ቴኒዋን ቀና ብላ አየቻት። ቴኒዋ እግሯን ታያለች።

ቆዩ። ኦፓኒን ሳርፎ እንሂድ አላሉም፤ ይልቅ እስኪመቸው እንጠብቃለን ብለው ስለ ዝናቡ መዘግየት፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ ኩማሲ መሃል ስለሚፈርሱት ሱቆች አወሩ። አንደኛው ሽማግሌ አንቀላፋ። ፀሐይዋ ከግቢው ግማሽ አልፋ የቴኒዋን ጉልበት ነካች፤ ወንበሯን አላንቀሳቀሰችም። ከፊት ክፍል የቪዳ ሬዲዮ ይሰማል፣ የታጠበ ፀጉር ሽታ ይመጣል። ፍሬማ ጊዜው ከእጇ ሲያልቅ ይታወቃት ነበር። በመጨረሻ አልቻለችም፤ ከወንበሩ ኋላ ወጥታ፣ አባቶቼ ይቅር በሉኝ፣ እሱ ሊል የፈለገውን እኔ አውቃለሁና ልናገርለት ብላ ጀመረች። ኦፓኒን ሳርፎ እጃቸውን አነሱ።

"ልጄ፣ አንቺ አትናገሪ" አሏት፤ አልተቆጡም፤ ፊታቸው እንደ ሐዘንተኛ ነበር። "ይህ ከሱ አፍ ነው መውጣት ያለበት። እኛም የመጣነው ለዚያ ነው።"

ከዚያ ተነሡ። ድምፁ ሲመለስ ይጥራን አሉ፣ የኦቤንግን ትከሻ አንድ በአንድ እየነኩ ወጡ። ቴኒዋ ሳህኗን አነሳች፤ በር ላይ ስትደርስ ፍሬማን አቅፋት ቆየች፣ ከወትሮው ረዘም አድርጋ፤ "አይዞሽ ሚስቴ" አለቻት በጆሮዋ። የአዲስ ጨርቅ ሽታ ገና አልለቀቃትም ነበር። ሽናፕሱ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ በር ሥር ቀረ።

ፍሬማ ባሏን ወደ መኝታ ቤት አስገባችው። በሩ ላይ እንደ ወትሮው እግሩ ተተከለ፤ እንደ ወትሮው የገዛ እግሯን ፊት ለፊቱ አደረገችለትና እሷን ሲሻገር እግሩ ተንቀሳቀሰ። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ የወግ ጨርቁን ከትከሻው አወረደች። አልተናደደችም። ሰውነቱን እንጂ እሱን ምን ትላለች፤ በሽታው ነው። ለሌላ እሑድ እንቀጥራለን፣ ኤቶው ከኪኒኗ በኋላ ይመጣል፣ ዓሣም ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ አይነካም እያለች ታወራው ነበር፣ ውኃ እያሞቀች፣ ሳህን እያመጣች። ግራ እጁን አንስታ ነከረችው። አውራ ጣቱን ከፈተች። ጠቋሚውን ከፈተች። መሃለኛው ሁሌም ይቸግራል፤ ዛሬ ከወትሮው አጥብቆ ያዘ። ጎትታ ስትከፍተው ውኃው ቢጫ ሆነ።

መጀመሪያ የፓልም ዘይት መስሏት ነበር። መዳፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። የመዳፉ መስመር ውስጥ ሁሉ ቢጫ ሊጥ ገብቶበታል፤ መሃል ላይ ግን ግማሿ ገና ሳትሟሟ ቀርታ፣ የተቀረጸባት ቁጥር እንኳ ይታያል። ፍሬማ ቁጥሯን አየች። ለሃጩ ይሆናል፣ ከአፉ ወጥታ ይሆናል፣ ሲጠርግ ይሆናል ብላ አሰበች፤ እያሰበች ሳለች አፉን የጠረገበትን መሐረብና ጫማውን አስታወሰች። ጥቁሩ። የሳጥኑ ሥር ያለው። እግሩን አየች፤ ጥቁሩ ጫማ እንደተጫማ ነው፣ እሷ ራሷ ያሰረችው። ቀና ብላ ዓይኑን ፈለገች። ኦቤንግ ግድግዳውን ያያል። እጁን ልትከፍተው በየቀኑ በዚህ ሰዓት እንደምትመጣ ያውቃል፤ ምናልባት ላቡ ያሟሟታል ብሎ ይሆናል፣ ምናልባትም እንድታገኛት ፈልጎ። እሷ በዚያ ጠዋት አፏ ውስጥ የደበቀችለትን እንቁላል አሰበች። ጉሮሮዋ ላይ አሁንም ያለ መሰላት።

ዶሮው እስኪጮህ አልጠበቀችም። ከስምንት ሰዓቷ ቦታ አንድ አወጣች፣ ምላሱ ላይ አደረገች፣ ውኃ አስጠጣችው፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እጠብቃለሁ" አለችው። ሌላ ምንም አላለችም። ብዙ ዓመት ይህን ድምፅ ጠብቃለች፤ ወጥ እያማሰለች፣ ልብስ እያጠበች፣ ጆሮዋን ወደ ክፍሉ አድርጋ፣ መጀመሪያ ሳሉ ሲከፈት፣ ከዚያ አንድ ቃል፣ ከዚያ "ፍሬማ" ሲል ለመስማት። ዛሬ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር የምትጠብቀው። የቪዳ ሬዲዮ የቀብር ማስታወቂያ ያነባል። መጀመሪያ የቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ቀነሰ። ከዚያ ትከሻው ወረደ። ፊቱ ላይ ያለው ጭቃ ቀስ እያለ ለሰለሰ፣ እንደ ሰው ሆነ። ሳለ።

"ለባዱ ሰጥቼዋለሁ" አለ ኦቤንግ። ድምፁ ጥሩ ነበር። "ገና ላይ። ባዱ የምስጋናውን መጠጥ አቀረበ፣ ሽማግሌዎቹም ቀመሱ።"

ፍሬማ ወዲያው አልገባትም። ገና ላይ ማምፖንግ ነበርኩ አለች። አዎ፣ አለ። የወንድሟ አስከሬን አጠገብ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ እንደ ድሮው ሆኗል ስትባል። ያን ቀን ቤቱን የሰጠበት ድምፅ እሷ በከረሜላ ቆርቆሮ ቆጥራ የሰጠችው ድምፅ ነው። ሰዓቱን ለቴኒዋ ያስተማረችው እሷ ናት። ጨርቁንም የገዛችው እሷ ናት።

"ሁሉም ያውቃሉ?"

"ያውቃሉ። ዛሬ የጠራኋቸው እነሱ ባሉበት እንድነግርሽ ነው። ብቻዬን አልቻልኩም። መሬቱ የወገን ነው ፍሬማ፤ ባዱ የእህቴ ልጅ ነው፤ ምን ልበላቸው? ከዚያ ሰዓቱ ሲደርስ..." እጁን አየ፣ ገና ቢጫ ነበር። "ፈራሁ።"

"ምን ፈራህ? ሽማግሌዎቹን?"

ኦቤንግ ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። "እውነቱን ካወቀች ኪኒኑን ማን ይሰጠኛል ብዬ" አለ።

ፍሬማ ወንበሩ ላይ ቀረች። ቤቱን ለባዱ መስጠቱን ሲነግራት ምን እንዳጣች አውቃ ነበር፤ ይህን ሲላት ግን ምኗ እንደተመታ አላወቀችም። "አልሰጠውም ብለህ አሰብክ?" ብላ ጠየቀችው። "እኔ? አልሰጠውም ብለህ?" መልስ ጠበቀች። ድምፅ ነበረው፤ ሙሉ ድምፅ፤ ገና ሁለት ሰዓት የሚበቃ ድምፅ። ዝም አለ።

ተነሥታ ወደ ግቢው ወጣች። ወንበሮቹን ማጠብ ጀመረች። ማንም ምንም አላፈሰሰባቸውም፣ ግን አጠበቻቸው፤ ኦፓኒን ሳርፎ የተቀመጡበትን፣ ሽማግሌው ያንቀላፋበትን፣ የቴኒዋን። ባዱ ለነገ ሥራ ሊጭናቸው ፒካፑን ይዞ ተመለሰ፤ "ሚስቴ" ብሎ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ቀረው። አጎትህ ነገረኝ አለችው። ባዱ የያዘውን ወንበር አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ። መጥፎ ልጅ አልነበረም፤ ሲታመም ያስታመመችው፣ መጀመሪያ ማይክሮፎን ሲይዝ ጉሮሮው እንዲለሰልስ ዝንጅብል ያፈላችለት ልጅ ነው። ቆሞ ቃል ፈለገ። "ማንም አይነካሽም" አላት በመጨረሻ። "ዎፋ እስካሉ ድረስ እዚሁ ነሽ። ይህን እኔ ራሴ ነው የምልሽ።" አጎቱን ዎፋ ነው የሚለው። ያጽናናት መስሎት ነበር። ፍሬማ ጨርቁን ጨመቀችና ሌላ ወንበር ሳበች። እሱ እስካለ ድረስ። ባዱ ወንበሮቹን ጭኖ ሄደ፤ አንዲቱን፣ እሷ የተቀመጠችባትን፣ ልቀቂ ሳይል ተወላት።

ፀሐይዋ ከጣሪያው ቆርቆሮ ወርዳ ግቢው ሲቀዘቅዝ ስልኩ ሳሎን ውስጥ ጮኸ። ፍሬማ ሰማችው። ተቀምጣ አዳመጠችው። ዶሮው ጮኾ ጮኾ ጨረሰ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጀመረ። ይህ ሆኖ አያውቅም። ከውስጥ የአልጋው ሽቦ ጮኸ፤ ኦቤንግ ለመነሣት ሞክሮ እንደ ቀረ በድምፁ አወቀች፤ እግሩ እንደገና መታሰር ጀምሯል፣ ድምፁም አብሮ እየሄደ ነው። ጠራት። እንደ ክር የሳሳች "ፍሬማ" ነበረች። የሽናፕሱ ጠርሙሶች ከበሩ ሥር አልተነሡም። ለማን ነበር ምስጋናው፣ አለች በልቧ። ቪዳ ከፊት ክፍል አንገቷን አወጣች፤ "ማሜ፣ ዶሮዎ እየጮኸ ነው! እንቅልፍ ወሰደዎት እንዴ?"

ፍሬማ ተነሣች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች። ኦቤንግ አልጋው ጠርዝ ላይ ተጎንብሶ ነበር፤ ቀና ብሎ ፊቷን አላየም፤ እጇን አየ። ባዶ መሆን አለመሆኑን። ያን አይታ አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ኪኒኗን አወጣች፣ ምላሱ ላይ አስቀመጠች፣ ውኃውን አስጠጣችው። "አፍህን ክፈት" አለችው። ከፈተ። የስልኩን መብራት አብርታ አየች። "ምላስህን አንሳ።" አነሳ። ከጉንጩ ውስጥ፣ ከጥርሱ ኋላ፣ እንደ ሕፃን አፍ ሁሉንም አየች። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠችና ግራ እጁን ወስዳ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ ጣቶቹን ጣት በጣት ዘረጋች፣ ተመልሰው እንዳይጨበጡ የራሷን መዳፍ መዳፉ ላይ አስተኝታ ጣቶቿን በጣቶቹ መካከል አስገብታ ያዘች። እሱ ትንሽ ሳብ አደረገው። አልለቀቀችውም። ኪኒኗ እስክትሠራ ድረስ እንዲሁ ተቀመጡ፣ ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን ወደ ተከፈተው በር አድርገው።

ቪዳ የክፍሏን ቁልፍ ልትመልስ በደጅ ስታልፍ አየቻቸውና ቆመች። የመጨረሻ ደንበኛዋም ከኋላዋ ነበረች፣ ፀጉሯ አዲስ ተሠርቶ።

"ተመልከቺ" አለቻት ቪዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ይኸው ነው እኔ የምመኘው። በዚህ ዕድሜ እጅ ለእጅ ተያይዞ መቀመጥ።"

ፍሬማ ሰማቻት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው አለቻት፤ እጄ ተይዟል።